የፋሲካ ዶሮ ወጥ፦ 12ቱ ብልት የትኞቹ ናቸው? ለማንስ ይደርሳሉ?

አዲስ_እማወራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ፋሲካ የሚከበረው እኛ ቤት ነው፤ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው። የባለቤቴ አባትና እናት፣ የልጃችን የክርስትና አባት፣ የባለቤቴ ወንድም ከነባለቤቱ፣ ሌላ አንድ ቤተሰብም ከነልጆቹ ይመጣሉ። ከእኛ ጋር 14 ሰው ነን፤ አራቱ ልጆች ናቸው።

ዶሮ ወጥ እሠራለሁ፤ ግን ተቆርጦ በሚሸጠው ታፋና ቅልጥም ነው። ለዚህ በዓል ሙሉ ዶሮ ገንጥዬ በ12 ብልቱ ማቅረብ እፈልጋለሁ። 12ቱ የትኞቹ ናቸው? ለምን 12 ሆነ? አባወራው፣ አማቶቼ፣ የክርስትና አባታችን ምን ምን ነው የሚደርሳቸው? ሽንኩርቱንም ለዚህ ሁሉ ሰው ስንት ልበል? የባለቤቴ ወንድም ሚስት ሙስሊም ናት፤ ሳትሸማቀቅ አብራን እንድትበላ ምን ላዘጋጅ? መጨረሻ ደግሞ፣ ቅዳሜ እየጾምኩ ስሠራ ጨዉን በምን ልለካው?

የመሶብ_ዳር

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ከብልቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመጣው።

የብልቶቹ ስም ከአገር አገር፣ ከቤት ቤት ይለያያል። መላላጫ የሚለውን ስም ብትጠይቂ ሁለት እናቶች ሁለት ቦታ ያሳዩሻል። ስለዚህ በስም ከመከራከር በቦታው ልንገርሽ። በብዙ ቤት የሚሠራበት አንዱ አቆጣጠር ይህ ነው፦ ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ታፋ፣ ሁለት ክንፍ፣ አንድ ፈረሰኛ፣ ሁለት የደረት ጎን፣ የላይኛው ጀርባ፣ የታችኛው ጀርባ፣ አንገት። ይኸው 12። አንገቱን ከቁጥር አውጥተው በምትኩ ጨጓራውን የሚቆጥሩ ቤቶች አሉ። አማትሽን አስቀድመሽ ደውለሽ ብትጠይቂያቸው ጥሩ ነው፤ የእሳቸው ቤት ቆጠራ ነው በዚያ ማዕድ ላይ የሚታወቀው፤ መጠየቅሽም ያስደስታቸዋል።

አገነጣጠሉ እንዲህ ነው። ቆዳውን መጀመሪያ ግፈፊ፤ ከአንገት በኩል ጀምረሽ በጣትሽ እየለየሽ ወደ እግር ብትስቢው ይወጣል። የክንፍ ጫፍ ላይ ያለው ካስቸገረሽ ጫፉን ቆርጠሽ ጣይው። ከቆዳው ሥር ያለውን ቢጫ ጮማም ልቀሚ፤ ወጡ ውስጥ ከገባ ከቅቤው ጋር ተቀላቅሎ ይከብዳል።

ከዚያ ዶሮውን በጀርባው አስተኝው። እግሩን ወደ ውጭ ስትገፊው መጋጠሚያው ብቅ ይላል፤ ቢላዋውን እዚያ አስገቢ። ሕጉ አንድ ነው፦ መጋጠሚያ ይቆረጣል እንጂ አጥንት አይሰበርም። በመጥረቢያ ወይም በከባድ ቢላዋ የተመታ አጥንት ስንጥሩ ወጡ ውስጥ ይቀርና ልጅ ጉሮሮ ላይ ይገኛል። ታፋና ቅልጥሙን ለመለየት እግሩን ገልብጪው፤ ጉልበቱ ላይ ቀጭን የስብ መስመር ታያለሽ፣ በእሱ ላይ ስትቆርጪ ቢላዋው ሳይታገል ያልፋል። ክንፉን ከትከሻው ስትለይ ከደረቱ ትንሽ ሥጋ አብሮት ይውጣ፤ አለዚያ ክንፍ የደረሰው ሰው የሚበላው አጥንት ብቻ ነው።

ፈረሰኛው ላይ ብዙ ሰው ይስታል። የደረቱ ጫፍ፣ በአንገቱ በኩል፣ እንደ ባላ የተከፈለ ቀጭን አጥንት አለ። በጣትሽ ዳብሽው። ከባላው ጀርባ፣ ከመሐለኛው የደረት አጥንት ጫፍ ላይ ቢላዋሽን አሳርፈሽ ወደ አንገቱ በኩል እያጋደልሽ ቁረጪ፤ ባላው ከነሥጋው አንድ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሳታወጪ ደረቱን ለሁለት ከከፈልሽው ባላው ተሰብሮ ፈረሰኛ የሚባል ነገር አይኖርሽም፣ 11 ላይ ትቀሪያለሽ። ከዚያ የጎድን አጥንቶቹን በሁለቱም በኩል ቁረጪና ደረቱን ከጀርባው አላቂ፤ ደረቱን በመሐል አጥንቱ ለሁለት ክፈይ፤ ጀርባውን የጎድን አጥንቱ ከሚያልቅበት ላይ ወደ ኋላ ቀልብሰሽ ለሁለት አድርጊው።

ቅልጥሙን ከታች በኩል ዙሪያውን ቁረጪና ሥጋውን ወደ ላይ ግፊው፣ አጥንቱ መያዣ ይሆናል። ታፋውንና ደረቱን በቢላዋ ጫር ጫር አድርጊ፤ ካልሆነ ወጡ ከውጭ ብቻ ይነካውና ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ማጠቡን በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን እንጂ በሚፈስ ቧንቧ ሥር አታድርጊው፣ ጥሬ ዶሮ የነካ ውሃ ኩሽናውን ሁሉ ይረጫል። መጀመሪያ በጨው አሽተሽ እጠቢ፣ ከዚያ በሎሚ ውሃ፣ ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግመሽ በንጹሕ ውሃ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ዝፍርታውን ለማጥፋት ነው። ሎሚው ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ አታቆይው፤ አሲዱ ሥጋውን ከላይ ያደርቀዋል።

አሁን ለምን 12 ለሚለው። በሰፊው የሚነገረው የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ነው የሚል ነው፤ እንቁላሉንም ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ከምሳሌው በላይ ነው። ዶሮ ትንሽ ነው፤ በቁጥር ካልተለየ ጉልበት ያለው ይበላዋል። እያንዳንዱ ብልት ስምና ባለቤት ሲኖረው የሕፃኑም፣ የአሮጊቷም፣ በሥራ ምክንያት የዘገየውም ድርሻ አስቀድሞ ይታወቃል። ለዚህ ነው የተፈረካከሰ ዶሮ ወጥ በበዓል ቀን የሚያሳፍረው። ጣዕሙ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለማንም "ይኸው ድርሻህ" ተብሎ የሚሰጥ ነገር የለም።

ጉልቻ

ብልቱ በደንብ ተነግሯል። እኔ ስለ ቁሌቱ ልጻፍ፤ ሰው ዶሮው ላይ ሲጨነቅ የሚበላሸው ቁሌቱ ነው።

ለ14 ሰው ሁለት ዶሮ ያስፈልግሻል፣ እያንዳንዱ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ የሚሆን። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ ለሁለቱ 5 ኪሎ። አትደንግጪ፤ ውሃው ሲያልቅ ሲሶውን እንኳ አያክልም። በርበሬ ለአንድ ዶሮ ከ150 እስከ 200 ግራም፤ ልጆች ስላሉ ወደ 150ው ተጠጊ። ዘይት አንድ ኩባያ፣ የተነጠረ ቅቤ አንድ ኩባያ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ዝንጅብል አንድ ብቻ። ዝንጅብል ከበዛ ወጡ መራራነት ይይዛል፣ መመለሻም የለውም። መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ። ይህ ሁሉ የአንድ ዶሮ መጠን ነው፣ ለሁለቱ እጥፍ አድርጊው።

ሽንኩርቱን በእጅ ክተፊ፣ በጣም ደቃቅ። በማሽን ስትፈጪው ይደቅና ውሃውን በአንዴ ይለቃል፤ ሳይቁላላ ይቀቀላል፣ ጠረኑም ይለወጣል። የግድ ማሽን ካስፈለገሽ በትንሽ በትንሹ፣ ቁልፉን ነካ ለቀቅ እያደረግሽ ይሁን፤ የወጣውን ውሃ በወንፊት አጥልይው።

ወፍራም ግርጌ ያለው ድስት ይሁን። 5 ኪሎውን በአንድ ድስት ካደረግሽ ቢያንስ 12 ሊትር የሚይዝ ያስፈልጋል፤ ሁለት ድስት ላይ መክፈሉ ግን ይሻላል፣ ብዙ ሽንኩርት በአንድ ላይ ሲሆን እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ሰዓቱ ይረዝማል። ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ መካከለኛ እሳት ላይ ጣጂው። ክዳኑን አትክደኚ። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፣ ከዚያ ይመጠዋል፣ ከዚያ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቱ፦ በያዘ ቁጥር የፈላ ውሃ ጠብ እያደረግሽ በማማሰያ ግርጌውን እየፋቅሽ አማስይው። ለአንድ ዶሮ ሽንኩርት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ቀለሙ ወደ ወርቃማ ቡኒ ሲያደላ፣ ማማሰያውን ስትጎትቺ ግርጌው ለአፍታ ታይቶ ሲዘጋ፣ ያኔ ዘይቱን አስገቢ። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል፣ ቃጫው አይሟሟም፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ሰዓት ብታቁላይው ወጡ ላይ እንደተከተፈ ይታያል።

ዘይቱ ገብቶ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በርበሬ። በርበሬውን ከመጨመርሽ በፊት እሳቱን ቀንሽ፣ ግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃም አዘጋጂ። ደረቅ በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ ሲወድቅ በደቂቃ ያራል፣ ያረረ በርበሬ ደግሞ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። በርበሬው ቢያንስ 45 ደቂቃ በትንሽ በትንሽ ውሃ እየታሸ ይቁላላ። ዘይቱ ከዳር ዳር መውጣት ሲጀምር ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምረሽ ሌላ 20 ደቂቃ።

ወጡ ሳህን ላይ ውሃው ለብቻ፣ ሽንኩርቱ ለብቻ ከሆነ ቁሌቱ አልበሰለም ማለት ነው። እንጀራው ከሥር ይረጥባል፣ ከላይ ደግሞ ሽንኩርት ክምር ይቀራል። ይህን በቅቤ መሸፈን አይቻልም።

አንድ ትልቅ ምክር፦ ቁሌቱን እስከ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጨርሰሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ቀኑ የስግደት ነው። ቅዳሜ የሚቀርሽ ዶሮውና ቅቤው ብቻ ይሁን። በዘይት የተሠራ ቁሌት እስከ እሑድ ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም አድሮ ሲሞቅ ይጣፍጣል።

ቅዳሜ ቁሌቱን አሙቂ፣ ቅቤውን ጨምሪ፣ 10 ደቂቃ። ከዚያ ዶሮውን በየተራ፦ መጀመሪያ ቅልጥም፣ ታፋ፣ ጀርባና አንገት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ፈረሰኛ፣ ደረትና ክንፍ። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ በጠቅላላው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ በቂው ነው። ከዚያ ካለፈ ከአጥንቱ ይለቃል፣ የመሶብ_ዳር የጻፈችው ብልት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ ወይም እንቁላል ጥላ የጨረሰች ያረጀች ዶሮ ካገኘሽ ደግሞ ሰዓት ተኩልም ሊፈጅ ይችላል፤ ትጠነክራለች፣ ግን ብልቷ አይፈርስም፣ መረቋም ሌላ ነው። መብሰሉን ለማወቅ ታፋው ላይ ከአጥንቱ አጠገብ ውጊው፤ ቴርሞሜትር ካለሽ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ይድረስ።

ዶሮው ከገባ በኋላ በማማሰያ አታማስዪ። ድስቱን በሁለት እጅ ይዘሽ ነቅነቅ አድርጊው።

በዓለ_ሃምሳ

ቁጥሩን በተመለከተ ትንሽ ማስተካከያ። የሐዋርያቱ ምሳሌነት ሕዝቡ የሚለው ነው፣ ጥሩም ነው፤ ነገር ግን ዶሮ 12 ቦታ ይቆረጥ ብላ ቤተ ክርስቲያን የደነገገችው ሥርዓት የለም። ስለዚህ 11 ቢሆን ወይም 13 ቢሆን በዓሉ ጎደለ ብለሽ አትረበሺ። በሥርዓት የተያዘው ጾሙና አፈታቱ ነው፦ 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተጠብቆ፣ ቀዳም ሥዑርም ተጹሞ፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ ይፈታል። የዶሮው ክብር ከዚህ ነው የመጣው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቤተሰቡ በአንድ ላይ የሚቀምሰው የመጀመሪያው የፍስክ ምግብ ስለሆነ ማን ከማን ጋር እንደሚቆርስ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጎርስ ትርጉም ያገኛል።

ሳምንቱን ሙሉ ምግቡ እየተናገረ ነው የሚመጣው። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ነው፤ ስንዴና ባቄላ ተቀቅሎ በጨው ብቻ፤ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ የወጡበት መታሰቢያ ተብሎ ይበላል። ልጆች ካሉሽ ሐሙስ ጉልባኑን አብስይላቸውና ምክንያቱን ንገሪያቸው፣ የእሑዱ ዶሮ ያኔ ይገባቸዋል። ባቄላውን ማታውን ዘፍዝፊው፣ ከስንዴው ለየብቻ ቀቅይው፤ አንድ ላይ ከጣድሽ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ "ገብረ ሰላመ በመስቀሉ" እያሉ ቀጤማ ያድላሉ፣ ምእመናኑ ግንባራቸው ላይ ያስሩታል፤ ርግቧ ለኖኅ ያመጣችው ቅጠል ምሳሌ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ለመጣው ቀጤማ ቤትሽ ቦታ አዘጋጂለት።

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ከቅዳሴ ስትመለሱ ሙሉ ድግስ አታቅርቢ። ሆድ ጾም ላይ ከርሟል፤ ቅቤና በርበሬ በአንዴ ሲወርድበት ያማል። ተልባ በጥብጠሽ አቆዪ፣ አንድ አንድ ብርጭቆ ይጠጡ። ከዚያ ትንሽ እንጀራ፣ መረቅና እንቁላል፣ ከጎኑ አይብ። አይቡ በርበሬውን ያበርደዋል። ጥሬ ሥጋና ዱለት ለቀን ይቆይ። ሙሉው 12 ብልት መሶብ ላይ የሚወጣው እሑድ ቀን፣ ሁሉም ሲሰበሰብ ነው።

አቀማመጡን ካነሳሽ፦ ፈረሰኛው በልማድ የአባወራው ነው። የክርስትና አባት ሲኖር ግን አባወራው ለእሳቸው መልቀቅ ያምርበታል። ያንቺ ጉዳይ ከባድ የሚመስለው የአማትሽ አባወራም፣ የክርስትና አባትም በአንድ ማዕድ ስላሉ ነው፤ ሁለት ዶሮ ስለምትሠሪ ግን ሁለት ፈረሰኛ አለሽ፤ አንዱን ለክርስትና አባት፣ አንዱን ለአማትሽ አባወራ። ባለቤትሽ ታፋ ይውሰድ፤ አባቱ ባሉበት ፈረሰኛ መጠበቅ የለበትም። ለአማትሽና ለእንግዳዋ እናት ታፋ፣ ለአራቱ ልጆች አራት ቅልጥም፤ ቁጥሩ ገጠመልሽ። ደረቱ ለቀሩት አዋቂዎች ይበቃል፤ ክንፍና የላይኛው ጀርባ ለመድገም። አንገትና የታችኛውን ጀርባ እንግዳ ፊት አታስቀድሚ።

ደግሞ የአንቺን ድርሻ አስቀድመሽ አንሺ። ወጥ የሠራች ሴት መጨረሻ ላይ መረቅ ጠርጋ የምትበላበት ልማድ ትክክል አይደለም። ይህ ማዕድ የተሠራው ማንም እንዳይረሳ ነው፣ አንቺም ከ14ቱ አንዷ ነሽ።

ከምግቡ በፊት ድፎ ዳቦው ይቆረሳል። የክርስትና አባታችሁ ባርከው ይቁረሱት። የኮባ ቅጠል ስለማታገኚ የሙዝ ቅጠል በሐበሻና በእስያ ሱቆች በረዶ ሆኖ ይሸጣል፤ እሳት ላይ ለአፍታ አሳልፊው፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ጉርሻውን ደግሞ ለትልልቆቹ ጀምሪ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል አትቁሚ፣ ድገሚያቸው።

ወሎዬው

የሙስሊሟን እህት ጉዳይ ሁሉም አልፎታል፤ እኔ ልመልሰው። በወሎ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ አሠራሩም የታወቀ ነው። ችግሩ እርዱ ነው እንጂ ወጡ አይደለም። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በልማዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ስለዚህ "ትንሽ ቅመሺ" ብሎ መለመን ማሸማቀቅ ነው።

በሠርግና በድግስ ጊዜ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ራሱን የቻለ እርድ፣ ራሱን የቻለ ድስት፣ ከእነሱ ወገን የሆነ አራጅ ያዘጋጃል። አንቺም በትንሹ እንዲሁ አድርጊ። ለእሷ ከሐላል ሱቅ አንድ ዶሮ ግዢ፤ ከየትኛው ሱቅ እንደምትመርጥ ራሷን ጠይቂያት። ቁሌቱን ረቡዕ ስትሠሪ ሥጋ ስለሌለበት ለሁለታችሁም ይሆናል። ከዚያ ዶሮ ከመግባቱ በፊት ሩቡን ወደ ሌላ ንጹሕ ድስት ቀንሺ። መክተፊያው፣ ቢላዋው፣ ጭልፋው ይለይ። የእሷን ጭልፋ እጀታ ላይ ባለ ቀለም ክር እሰሪበት፤ በጥድፊያ ጊዜ የረዳሽ ሰው እንዳያቀላቅል። የእሷን ዶሮ መጀመሪያ አብስለሽ ክደኝው፣ የእናንተን ቀጥይ።

ሁለት ነገር ልብ በይ። ወጥ ላይ ጠጅ ወይም የወይን ጠጅ ጠብ የሚያደርጉ አሉ፤ የጋራው ቁሌት ውስጥ አይግባ። የዳቦውንም ሊጥ በጠላ ያቦኩ ከሆነ ተይው፣ በእርሾ ይሁን። እንዲህ ካደረግሽ ዳቦው፣ እንጀራው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ቡናው የጋራ ነው።

የእሷን ወጥ በተለየ ጠረጴዛ አታድርጊው። በዚያው መሶብ ዙሪያ፣ በራሷ ሳህን፣ ከባለቤቷ ጎን። የእሷም ዶሮ በብልቱ ይገንጠል፣ እንቁላልም ይኑረው። የእሷ ድርሻ ከሌላው ካነሰ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ከመጣ የተለየ እርድ ማዘጋጀትሽ ምንም አይጠቅምም።

በነገራችን ላይ በአረብ አገር የሚኖሩ እህቶች ይህ ነገር በተቃራኒው ይገጥማቸዋል፤ ሱቅ ያለው ሥጋ በአብዛኛው የሙስሊም እርድ ነው። ከዚያ የማይበሉት በዚሁ ቁሌት እንቁላል ብቻ አድርገው በዓሉን ያከብራሉ። ቁሌቱ በደንብ ከተቁላላ የበዓል ወጥ ነው፣ ማንም አያቃልለው።

አዲስ_እማወራ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ ቀለም ክሩንና ሁለቱን ፈረሰኛ ዛሬውኑ ጽፌ ይዣለሁ። የጨዉ ነገር ብቻ ቀረ። የባለቤቴ እናት አክፍሎት ይይዛሉ (እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም አይቀምሱም)፣ እሳቸውንም ቅመሱልኝ ማለት አልችልም። እንቁላሉስ 12 ወይስ 24 ይሁን?

ጉልቻ

ጨዉን ለሁለት ከፍለሽ ጨምሪ። ለአንድ ዶሮ መጠን ጠቅላላው አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ነው። አንዱን ማንኪያ ቁሌቱ ላይ ረቡዕ ትጨምሪያለሽ፤ ቁሌቱ የጾም ስለሆነ ከጾም መፍቻሽ ሰዓት በኋላ በእንጀራ ትቀምሽዋለሽ። ያኔ ለብቻው ሲበላ ጨዉ ልክ ሆኖ ከተሰማሽ በዝቷል ማለት ነው፤ ቅዳሜ ስታሞቂው ውሃው ይቀንሳል፣ ጨዉ ግን እዚያው ነው። ትንሽ ሲቀረው ተይው። ግማሹን ማንኪያ ደግሞ ቅዳሜ ዶሮው ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት በፊት በቀጥታ ሥጋው ላይ አሽው። ሥጋው የራሱን ጨው ይዞ ስለሚገባ ከመረቁ አይሰርቅም፣ መቅመስም አያስፈልግሽም።

አሜሪካ ስላለሽ አንድ ጥንቃቄ፦ ዶሮው የተሸጠበትን ጽሑፍ አንብቢ። የጨው ውሃ ተወግቶበት የሚሸጥ አለ። እንዲህ ያለውን ከገዛሽ ሥጋው ላይ የሚታሸውን ግማሽ ማንኪያ ሙሉ በሙሉ ተይው። ቅቤውም ጨው የሌለው ይሁን። መከለሻው በርበሬሽ ውስጥ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አስቀድሞ በብዛት ካለ በግማሽ ይቀነስ። ሌሊት ስትመለሱ ደግሞ ድስቱን አሙቀሽ መጀመሪያ አንቺ ቅመሽ፤ ጨው ካነሰ በትንሽ ሙቅ መረቅ አሟምተሽ ጨምሪ፣ ደረቁን አትበትኝበት።

የመሶብ_ዳር

እንቁላሉን በሰው ቁጠሪው። 12 ለአንድ ዶሮ የሚባለው ለእያንዳንዱ ብልት አንድ እንዲደርስ ነው፤ ሁለት ዶሮ ሆኖ 14 በላተኛ ካለ ግን 24 እንቁላል ድስቱን ያጨናንቀዋል፣ ብልቱንም ይጫነዋል። 16 ቀቅይ፤ 14ቱ ለሰው፣ ሁለቱ ለሚሰነጠቅ መተኪያ። የእንግዳችሁን አንዱን በእሷ ድስት አድርጊ።

ከመቀቀልሽ በፊት ሳምንት የቆየ እንቁላል ይሁን፣ ትኩስ እንቁላል ልጣጩ ከነነጩ ይነሳል። በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። ከዚያ ካለፈ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ያወጣና ይደርቃል። ልጠሽ አራት ቦታ በስሱ ጫር አድርጊው፤ አስኳሉን እንዳትነኪ፣ ከነካሽው መረቁ ውስጥ ይበተናል። እሳቱን ልታወጪ 10 ደቂቃ ሲቀርሽ አስገቢና ድስቱን ነቅነቅ።

ስታወጪው ብልቱን በእጅሽ ሳይሆን በሰፊ ጭልፋ ከሥሩ አንሺው። መጀመሪያ መረቁን በእንጀራው መሐል አፍሺ፣ ከዚያ ብልቱን በየባለቤቱ ፊት፣ እንቁላሉን ከአጠገቡ። የዘገየ ሰው ካለ ድርሻው በድስቱ ውስጥ ሳይሆን በተለየ ክዳን ባለው ሳህን ይቀመጥ፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ ደግሞ ማቀዝቀዣ ይግባ። የተረፈው ሰኞም ማክሰኞም ይበላል፤ ረቡዕም ቢሆን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለበትም።